የአራተኛው ሯጭ ጥያቄ፦ ተሰጥኦ እያላቸው ዕድል ያጡ አትሌቶችና የብሔራዊ ቡድን ምርጫ

ሐተታ

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከደምበል ሕንፃ በቅርብ ርቀት ላይ የሚገኘው መስቀል አደባባይ ማለዳ ማለዳ ልምምድ በሚሠሩ ወጣቶች ሲሞላ ማየት የተለመደ ነው። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ከአርሲ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከትግራይና ከሌሎች የአገሪቱ አካባቢዎች የሩጫ ተስፋ ሰንቀው ወደ መዲናይቱ የመጡ ናቸው። ከደምበል ተነስቶ ኦሎምፒያ ወደሚባለው ሰፈር ለመድረስ የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ይበቃል። ከአደባባዩ ደረጃዎች ተነስቶ ኦሎምፒክ መድረስ ግን ለአብዛኞቹ የማይቻል ሆኖ ይቀራል።

የሚያጠግብ እንጀራ ከምጣዱ ያስታውቃል እንዲሉ፣ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ የተሰጥኦ እጥረት ኖሮበት አያውቅም። አገሪቱን በተደጋጋሚ ሲያነጋግር የኖረው ከዚህ የተለየ ጥያቄ ሲሆን፣ እሱም ለዓለም አቀፍ ውድድር የሚበቁ አሥር ሯጮች ባሉበት ሦስቱ እንዴት ይመረጣሉ? የቀሩትስ ምን ይሆናሉ? የሚል ነው። ይህ ሐተታ ጥያቄውን ከታሪክና ከቅርብ ዓመታት ተሞክሮ አንጻር ይመለከታል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲገነዘቡልን እንጠይቃለን።

ብቃት እያላቸው የላይኛውን መድረክ በአግባቡ ሳያገኙ የቀሩ ስፖርተኞች በሌላውም ዓለም አሉ። በዚህ ረገድ በቀዳሚነት የሚነሳው የመኪና ውድድር ነው። ከ2017 እስከ 2025 በነበሩት የውድድር ዓመታት በፎርሙላ ዋን ይሳተፉ የነበሩት አሥር ቡድኖች ሲሆኑ፣ ለአሽከርካሪዎች የነበረው ቦታ 20 ብቻ ነበር። የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር ዘጠኝ ጊዜ ያሸነፈው ዴንማርካዊው ቶም ክሪስቴንሰን በአንድም የፎርሙላ ዋን ግራንድ ፕሪ ሳይሰለፍ ከውድድር ዓለም ተሰናብቷል። በመኪና ውድድር በሩን የሚዘጋው ብዙውን ጊዜ የገንዘብና የስፖንሰር ጉዳይ ነው። በአገራችን ሩጫ ግን በሩን የሚያጠበው የገንዘብ እጦት ብቻ ሳይሆን የጎበዞች መብዛትም ጭምር ነው።

የሦስት ቦታ ሕግ

በኦሎምፒክ ጨዋታዎች አንድ አገር በአንድ የግል ውድድር ከሦስት በላይ አትሌቶችን ማሰለፍ አይችልም። በዓለም ሻምፒዮናም መደበኛው ቁጥር ሦስት ሲሆን፣ ያለፈው ሻምፒዮና አሸናፊ ያላት አገር አንድ ተጨማሪ ቦታ ታገኛለች። ሕጉ የውድድሩን ዓለም አቀፋዊነት ለመጠበቅ የወጣ በመሆኑ ተገቢነቱ አያከራክርም። ሆኖም በረጅም ርቀት እንደ ኢትዮጵያና ኬንያ ባሉ አገሮች ላይ የሚያሳድረው ጫና ከሌሎቹ የተለየ ነው።

ለዚህ በ2005 በሄልሲንኪ የተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ጥሩ ማሳያ ነው። ጥሩነሽ ዲባባ በ2003 በፓሪስ የ5 ሺህ ሜትር ሻምፒዮን ስለነበረች ኢትዮጵያ በርቀቱ አራት ሯጮችን አሰለፈች። ውጤቱም ጥሩነሽ ዲባባ አንደኛ፣ መሠረት ደፋር ሁለተኛ፣ እጅጋየሁ ዲባባ ሦስተኛ፣ መሰለች መልካሙ አራተኛ ሆነ። አራተኛዋ ቦታ ባትኖር ኖሮ በዓለም ከመጀመሪያዎቹ አራት አንዷ የሆነች አትሌት ውድድሩን በቴሌቪዥን ትከታተል ነበር ማለት ነው። አራተኛ የወጣችው መሰለች መልካሙ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2009 በኡትሬክት 10 ሺህ ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ53.80 ሰከንድ በመሮጥ የአፍሪካን ክብረ ወሰን ያስመዘገበች ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በበርሊን የዓለም ሻምፒዮና የብር ሜዳሊያ ባለቤት ሆናለች።

ኢትዮጵያውያን አትሌቶች ሦስቱንም ሜዳሊያ ጠራርገው የወሰዱባቸው ጊዜያትም ጥቂት አይደሉም። በ2001 በኤድመንተን ደራርቱ ቱሉ፣ ብርሃኔ አደሬና ጌጤ ዋሚ፣ በ2003 በፓሪስ ቀነኒሳ በቀለ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴና ስለሺ ስኅን፣ በ2023 በቡዳፔስት ደግሞ ጉዳፍ ጸጋይ፣ ለተሰንበት ግደይና እጅጋየሁ ታዬ በ10 ሺህ ሜትር ይህንኑ ድል አስመዝግበዋል። እነዚህ ድሎች ሲወሱ ሦስቱን ሜዳሊያ የወሰደች አገር በቤቷ የተወቻቸው አራተኛና አምስተኛ ሯጮች ምን ያህል ብቃት ሊኖራቸው እንደሚችል ማሰብ ተገቢ ነው።

በውሳኔ የተዘጉ መድረኮች

የዕድል ማጣት ታሪክ ሲነሳ የአንድ ትውልድ አትሌቶች ጉዳይ ሊዘነጋ አይገባም። ኢትዮጵያ በ1976 ከሞንትሪያል፣ በ1984 ከሎስ አንጀለስ፣ በ1988 ደግሞ ከሴኡል ኦሎምፒክ ቀርታለች። የሞንትሪያሉ ውሳኔ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን የአፓርታይድ ሥርዓት ወደሰፈነባት ደቡብ አፍሪካ ማቅናቱን በመቃወም በርካታ የአፍሪካ አገሮች በጋራ የወሰዱት አቋም ነበር። የኋለኞቹ ሁለቱ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ከነበረው አሰላለፍ ጋር የተያያዙ ናቸው።

የውሳኔዎቹን ፖለቲካዊ ሚዛን ለታሪክ ተመራማሪዎች መተው ይቻላል። በአትሌቶቹ ሕይወት ላይ ያስከተሉት ውጤት ግን ግልጽ ነው። ምሩጽ ይፍጠር በ1972 በሙኒክ በ10 ሺህ ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ ካገኙ በኋላ የኦሎምፒክ ወርቅ ለማጥለቅ እስከ 1980 የሞስኮ ውድድር ድረስ ስምንት ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው። ከበደ ባልቻ በ1983 በሄልሲንኪ በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን የብር ሜዳሊያ ቢያገኙም፣ በቀጣዩ ዓመት በሎስ አንጀለስ የመሰለፍ ዕድል አልነበራቸውም። በላይነህ ዴንሳሞ በሚያዝያ 1988 በሮተርዳም ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ በመሮጥ ለአሥር ዓመት ያህል ሳይሰበር የቆየ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገቡ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የሴኡል ኦሎምፒክ ሲከፈት ግን የዓለም ፈጣኑ የማራቶን ሯጭ አገር በቦታው አልነበረችም።

የአንድ አትሌት ከፍተኛ የብቃት ዘመን ከጥቂት ዓመታት የማያልፍ ሲሆን ኦሎምፒክ ደግሞ በአራት ዓመት አንዴ ይመጣል። በመሆኑም በቢሮ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚተላለፍ አንድ ውሳኔ የአንድን ሰው የሥራ ዘመን ሙሉ በሙሉ ሊወስን እንደሚችል ይህ ታሪክ ያስገነዝባል።

ከተጠባባቂነት ወደ ወርቅ

ሦስተኛውንና አራተኛውን የሚለየው መስመር ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ከሁሉ በላይ ያሳየው የ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ የወንዶች ማራቶን ነው። ለውድድሩ በቅድሚያ የተመረጡት ሲሳይ ለማ፣ ደሬሳ ገለታና ቀነኒሳ በቀለ ሲሆኑ፣ ታምራት ቶላ በተጠባባቂነት ተይዞ ነበር። ውድድሩ ሊካሄድ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት ቦታውን ለቀቀና ታምራት ተተካ። ነሐሴ 10 ቀንም ታምራት ቶላ አስቸጋሪውን አቀበትና ቁልቁለት በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በማጠናቀቅ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ድሉ ገዛኸኝ አበራ በ2000 በሲድኒ ካሸነፈ ወዲህ ኢትዮጵያ በወንዶች ማራቶን ያገኘችው የመጀመሪያ የኦሎምፒክ ወርቅ ነው።

ታምራት የማይታወቅ አትሌት አልነበረም። በ2022 በዩጂን የዓለም የማራቶን ሻምፒዮን፣ በ2023 ደግሞ የኒውዮርክ ማራቶን አሸናፊ ነበር። በሚያዝያ 2024 ግን የለንደን ማራቶንን ሳይጨርስ አቋርጧል። መራጮቹ የወቅቱን ውጤት አይተው ሌሎቹን ማስቀደማቸው ምክንያት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ ሲሳይ ለማ በዚያው ወር የቦስተን ማራቶንን ሲያሸንፍ ቀነኒሳም በለንደን ሁለተኛ ወጥቷል። ይህም የሚያመለክተው በእነዚህ አትሌቶች መካከል ማንም መራጭ በእርግጠኝነት ሊለየው የሚችል ልዩነት አለመኖሩን ነው።

ተመሳሳይ ታሪክ ከስድስት አሥርት ዓመታት በፊትም ተከስቷል። በ1960 በሮም ኢትዮጵያን በማራቶን የወከሉት አበበ ቢቂላና አበበ ዋቅጅራ ነበሩ። ከእነሱ ቀድመው በአገር ውስጥ ሩጫ ስማቸው የገነነው ዋሚ ቢራቱ ግን በውድድሩ ሳይሰለፉ ቀርተዋል። አበበ ቢቂላ ወደ ቡድኑ የገቡት በመጨረሻው ሰዓት እንደነበር በብዙ ጽሑፎች ሰፍሯል። በባዶ እግራቸው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገብተው ለጥቁር አፍሪካ አዲስ ምዕራፍ መክፈታቸውን ዓለም ያውቃል። የዋሚ ቢራቱ የሮም ሩጫ ምን ይመስል እንደነበር ግን ማንም ሊያውቅ አይችልም።

የምርጫ ዘዴዎች ሲፈተኑ

በቅርብ ዓመታት ለማራቶን ቡድን ምርጫ የተለያዩ ዘዴዎች ተሞክረዋል። በ2016 ለሪዮ ኦሎምፒክ ምርጫው በተመዘገቡ ውጤቶች ላይ ተመሥርቶ ሲካሄድ ቀነኒሳ በቀለ ሳይካተት መቅረቱ ሰፊ ክርክር አስነስቶ እንደነበር ይታወሳል። አትሌቱ ራሱም ቅሬታውን በይፋ አሰምቷል። በውድድሩ ከተመረጡት አንዱ የሆነው ፈይሳ ሌሊሳ የብር ሜዳሊያ አገኘ። ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ቀነኒሳ በበርሊን 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ በመሮጥ የኢትዮጵያን ክብረ ወሰን አሻሻለ። ምርጫው ትክክል ነበር የሚለውም አልነበረም የሚለውም ወገን በእጁ ማስረጃ ነበረው ማለት ነው።

ለቶኪዮ ኦሎምፒክ በ2021 የተሞከረው ዘዴ የተለየ ነበር። በሰበታ የ35 ኪሎ ሜትር የማጣሪያ ውድድር ተካሂዶ ሹራ ቂጣታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ሲሳይ ለማ ተመረጡ። ቀነኒሳ በማጣሪያው አልተሳተፈም። ዘዴው ለሁሉም እኩል መነሻ መስመር የሰጠና ለመረዳት ቀላል ነበር። ይሁንና በሙቀት በተካሄደው የሳፖሮ ማራቶን ሦስቱም ወንዶች ውድድሩን ሳይጨርሱ ቀሩ። አንድ ውጤት ብቻውን ዘዴውን ውድቅ ባያደርገውም፣ የማጣሪያው ርቀት፣ የቦታው ከፍታና ከዋናው ውድድር ያለው የጊዜ ርቀት በጥንቃቄ ሊታይ እንደሚገባ ትምህርት ሰጥቷል።

በትራክ ውድድሮች ያለው ችግር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚጠየቀውን ሚኒማ በ10 ሺህ ሜትር እዚህ ማሟላት እጅግ አስቸጋሪ ነው። በዚህ ምክንያት ማጣሪያዎች በተደጋጋሚ በሆላንዷ ሄንግሎ ከተማ፣ በ2024 ደግሞ በስፔን ኔርሃ ተካሂደዋል። ለተሰንበት ግደይ በሰኔ 2021 በ10 ሺህ ሜትር 29 ደቂቃ ከ1.03 ሰከንድ በመሮጥ በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው በዚሁ የሄንግሎ ማጣሪያ ላይ ነበር።

በውጭ አገር የሚካሄድ ማጣሪያ ጠቃሚ ቢሆንም ወደ እሱ የሚያደርሰው መንገድ ለሁሉም እኩል አይደለም። ወደ ማጣሪያው ለመጠራት ፈጣን ሰዓት ያስፈልጋል። ፈጣን ሰዓት ለማስመዝገብ በውጭ አገር መወዳደር፣ ለዚህም ማኔጀርና ቪዛ ማግኘት ግድ ይላል። ከክለብ ውጪ ሆኖ በግሉ የሚለማመድ ወጣት በዚህ ሰንሰለት ከአንዱ ቀለበት ላይ ቢቋረጥ ብቃቱ ሳይለካ ይቀራል። አራተኛው ሯጭ ቢያንስ ስሙ ይታወቃል። ይህኛው ግን አራተኛ መሆን አለመሆኑ እንኳ የሚታወቅበት አጋጣሚ የለውም።

በሌላ አገር ማልያ

ቦታው ሲጠብ ወደ ሌላ አገር መሄድ አንዱ አማራጭ ሆኖ ቆይቷል። ዘነበች ቶላ በሚል ስም የምትታወቀው አትሌት ማርያም ዩሱፍ ጀማል ተብላ ለባሕሬን በመሮጥ በ2007 በኦሳካና በ2009 በበርሊን የ1 ሺህ 500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። በአዳማ የተወለደችው ሲፋን ሐሰን በልጅነቷ በስደት ወደ ሆላንድ ሄዳ በዚያው ያደገች ሲሆን፣ በ2024 በፓሪስ የሴቶችን ማራቶን ስታሸንፍ ኢትዮጵያዊቷን ትዕግሥት አሰፋን የቀደመቻት በሦስት ሰከንድ ብቻ ነበር። ማሩ ተፈሪም ለእስራኤል ሮጦ በ2023 በቡዳፔስት በማራቶን የብር ሜዳሊያ አግኝቷል።

እነዚህ ሁሉ ከአገር የወጡት በምርጫ ቅሬታ ነው ማለት ስህተት ይሆናል። የእያንዳንዳቸው ምክንያት የተለያየ ነው። ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ማኅበርም በ2017 የዜግነት ዝውውርን አግዶ፣ በ2018 የሦስት ዓመት መጠበቂያ ጊዜን ያካተተ ጥብቅ ደንብ በማውጣቱ መንገዱ እንደቀድሞው ክፍት አይደለም። ይህም በአገር ውስጥ ያለው የምርጫ ሥርዓት የሚሸከመውን ኃላፊነት ይበልጥ ያከብደዋል፤ የሚቀረው አትሌት ሌላ በር የለውምና።

ከሌሎች ምን እንማራለን

በአሜሪካ የትራክ ቡድን ምርጫ ሚኒማ ያሟሉና በማጣሪያው ዕለት ከአንድ እስከ ሦስት የወጡ አትሌቶች ያልፋሉ። ሕጉ ለዝነኛም ርኅራኄ የለውም። የ1991 የዴካትሎን የዓለም ሻምፒዮን ዳን ኦብራየን በ1992 ማጣሪያ በምርኩዝ ዝላይ አንድም ከፍታ ማለፍ ስላልቻለ ከባርሴሎና ኦሎምፒክ ቀርቷል። በ1996 ግን በአትላንታ ወርቅ አግኝቷል። የዚህ ዘዴ ጉዳቱ አንዳንዴ ምርጡን ማስቀረቱ ሲሆን፣ ጥቅሙ ደግሞ የቀረው አትሌት ለምን እንደቀረ ያለ ማብራሪያ ማወቁ ነው።

በሌላ በኩል በመራጮች ውሳኔ ላይ የተመሠረተ አሠራር ጉዳትን፣ የአየር ሁኔታን፣ የመሮጫውን ጠባይና የአትሌቱን ልምድ ለማመዛዘን ያስችላል። ጉድለቱ ምክንያቱ በግልጽ ካልተጻፈ ለሐሜትና ለጥርጣሬ በር መክፈቱ ነው። ከሁለቱም ዘዴዎች ከችግር የጸዳ የለም። ልዩነት የሚያመጣው የተመረጠው ዘዴ አስቀድሞ መታወቁና በመሃል አለመቀየሩ ነው።

ሊታሰብባቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በኦሎምፒክ ቻርተር መሠረት አትሌቶችን በመጨረሻ የሚያስመዘግበው ብሔራዊው የኦሎምፒክ ኮሚቴ ሲሆን፣ እጩዎችን የሚያቀርበው የየስፖርቱ ፌዴሬሽን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የሥራ ክፍፍል ግልጽ ካልሆነ ተጎጂው አትሌቱ ነው። በመሆኑም የሚከተሉት ነጥቦች ትኩረት ይሻሉ።

በመጀመሪያ፣ የመምረጫ መስፈርቱ ከውድድሩ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በጽሑፍ ይፋ ሊሆን ይገባል። አትሌቱ በየትኛው ከተማ፣ በየትኛው ወር መሮጥ እንዳለበት የሚያቅደው በዚህ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ውሳኔ ምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ሊሰፍርና ለአትሌቱ ሊገለጽለት፣ ቅሬታ የሚሰማበት አጭርና የተወሰነ ጊዜም ሊኖር ይገባል። የመንግሥት ሠራተኛ በሥራ መደብ ውድድር ሲወድቅ ምክንያቱን የመጠየቅ መብት እንዳለው ሁሉ አትሌቱም ሊነፈገው አይገባም።

ሦስተኛ፣ ተጠባባቂነት የስም ብቻ እንዳይሆን ያስፈልጋል። ታምራት ቶላ በፓሪስ ያሸነፈው ሳይጠራም ዝግጅቱን ባለማቋረጡ ነው። ተጠባባቂ አትሌት ሙሉ የሥልጠና፣ የሕክምናና የአበል ድጋፍ ሊያገኝ ይገባል።

አራተኛ፣ ማኔጀር ለሌላቸው ወጣቶች በአገር ውስጥ ተዓማኒ የመለኪያ መድረክ ማብዛት ተገቢ ነው። ከ2001 ጀምሮ ከመስቀል አደባባይ እየተነሳ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ለወጣት ሯጮች ራሳቸውን የሚያሳዩበት መድረክ መሆኑ ይህ እንደሚቻል ያመለክታል። የመከላከያ፣ የንግድ ባንክና ሌሎች ክለቦችም ለአትሌቶች ደመወዝና ሥልጠና በመስጠት የተጫወቱት ሚና ከፍተኛ በመሆኑ ሊጠናከር ይገባዋል።

ፌዴሬሽኑን ከ2016 ወዲህ በተከታታይ ለመምራት የተመረጡት ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ ደራርቱ ቱሉና በ2024 መጨረሻ የተመረጡት ስለሺ ስኅን ሁሉም ከመሮጫው የመጡ ናቸው። ኃይሌ በ2012 በሄንግሎ ማጣሪያ የለንደን ቦታ አጥተዋል። ስለሺ ደግሞ በሁለት ኦሎምፒኮችና በሁለት የዓለም ሻምፒዮናዎች በ10 ሺህ ሜትር የብር ሜዳሊያ ያገኙት በየጊዜው ቀነኒሳን ተከትለው በመግባት ነው። በአንድ ዘመን ብዙ ጎበዝ መኖሩ ምን ማለት እንደሆነ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ አይኖርም። ይሁን እንጂ የአመራር ልምድ ከግለሰቦች ጋር አብሮ የሚሄድ በመሆኑ በተጻፈ ሥርዓት ሊታገዝ ይገባል።

የሦስት ቦታ ሕግ በቅርቡ የሚለወጥ አይመስልም። ስለዚህ በየአራት ዓመቱ ብቃት ያለው አንድ ኢትዮጵያዊ ሯጭ በቤቱ መቅረቱ አይቀርም። ይህን ማስቀረት ባይቻልም፣ የቀረው አትሌት የተሸነፈው አስቀድሞ በሚያውቀው ሕግ መሆኑን እንዲያምን ማድረግ ግን ይቻላል። ያመነ አትሌት ደግሞ እንደ ታምራት ቶላ ልምምዱን ሳያቋርጥ ይጠብቃል፤ አገርም ስትጠራው ዝግጁ ሆኖ ታገኘዋለች።